ግራና ቀኙ የማይመጣጠን የቲዩብ ፕሪአምፕ፦ ጉድለቱን የመፈለጊያና የማረሚያ ቅደም ተከተል

ቤት ውስጥ በተሠራ የቲዩብ ፕሪአምፕ (የማጫወቻን ደካማ ድምፅ በቲዩብ አጉልቶ ስፒከሮቹን ወደሚነዳው ፓወር አምፕ የሚያሳልፍ መሣሪያ) አንዱ ቻናል፣ ማለትም የግራው ወይም የቀኙ የድምፅ መስመር፣ ከሌላው ሲደክም ነገሩ መጀመሪያ የሚታወቀው በዘፋኙ መቀመጫ ነው። በሞኖ የተቀዳ የአምባሰል ዜማ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል የተቀመጠ ያህል ከመሃል መሰማት ሲገባው ወደ አንዱ ጎን ያዘነብላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ቲዩብ ፍለጋ ይሄዳል። እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሁለት ቲዩብ አስመጥቼ ስተካ ጉድለቱ እንደነበረ ቀረ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ራዲዮ ሲጠግኑ ለኖሩ አንድ አዛውንት፣ «ጋሼ፣ ቲዩብ ቀየርኩ፤ አሁንም ቀኙ ደካማ ነው» ስላቸው፣ «አዲስ ከመግዛትህ በፊት የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዙረህ አይተሃል፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም ነበር።

ስቴሪዮ ፕሪአምፕ ውስጥ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሰርኪቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ስለዚህ አንደኛው ሲበላሽ ሌላኛው ትክክለኛው ልክ ምን እንደሆነ ያሳያል፤ ኦሲሎስኮፕ ለሌለውና አንድ ርካሽ ቴስተር፣ አንድ መበየጃና አንድ ስልክ ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ማመሳከሪያ የለም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ማዟዟር፣ ጉድለቱ አብሮ መሄዱን ወይም ባለበት መቅረቱን ማየት፣ ያዩትንም በወረቀት ላይ መጻፍ።

ቁጥሮቹ ግልጽ እንዲሆኑ አንድ የተለመደ ሰርኪት ላይ ልቁም። እያንዳንዱ ቻናል የራሱ 12ኤኤክስ7 ቲዩብ አለው፤ የቲዩቡ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፁ የሚገባበት ግሪድ፣ ከረንት የሚገባበት ፕሌትና ከረንቱ የሚወጣበት ካቶድ አለው፤ የቲዩቡ የመጀመሪያ ግማሽ ድምፁን ያጎላል፣ ሁለተኛው ግማሽ ካቶድ ፎሎወር ሆኖ ወደ መውጫው ያሳልፋል። ከፊት 100 ኪሎ ኦም ድርብ የቮሊዩም ፖቴንሺዮሜትር (በአንድ ቁልፍ የሁለቱንም ቻናል ድምፅ የሚቆጣጠር) አለ። የማጉያው ፕሌት በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል 250 ቮልት ያገኛል፤ ካቶዱ በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ይወርዳል፤ በሬዚስተሩ ላይም 22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በትይዩ ታስሯል። የእርስዎ ሰርኪት የተለየ ቢሆንም አካሄዱ አይለወጥም።

1. ጥፋቱ የፕሪአምፑ መሆኑን ማረጋገጥ

ክዳን ከመክፈትዎ በፊት በገመድ ብቻ ብዙ ነገር መለየት ይቻላል። ደካማው ጎን ቀኙ ነው እንበል። ሁሉንም መሣሪያ ያጥፉና ከፕሪአምፑ ወደ ፓወር አምፑ የሚሄዱትን ሁለት ገመዶች በፕሪአምፑ መውጫ በኩል ያዟዙሩ። ድካሙ ወደ ግራው ስፒከር ከሄደ ጥፋቱ ከዚያ ነጥብ በፊት ነው፤ እዚያው ቀኝ ላይ ከቀረ ግን ፓወር አምፑን፣ ስፒከሩን፣ አለዚያም ክፍሉን ይመርምሩ። አንዱ ስፒከር ባዶ ግድግዳ ጥግ ላይ፣ ሌላው ወፍራም መጋረጃ አጠገብ ከቆመ ፕሪአምፑ ምንም ሳይሆን ድምፁ ሊያዘነብል ይችላል። ገመዶቹን ወደ ቦታቸው ከመለሱ በኋላ በመግቢያው በኩል ያሉትን ሁለቱን ያዟዙሩ። አሁን ድካሙ ቦታ ከቀየረ ጥፋቱ የስልኩ፣ የማጫወቻው ወይም የገመዱ ነው፤ ካልቀየረ ፕሪአምፑ ውስጥ ነው።

ይህን ሲያደርጉ ጉድለቱ በምን ሁኔታ እንደሚብስም ያዳምጡ። ቮሊዩሙ ዝቅ ሲል ብቻ የሚበላለጥ፣ ከፍ ሲል የሚስተካከል ከሆነ ፖቴንሺዮሜትሩን አስቀድመው ይጠርጥሩ። ባሱ ብቻ በአንድ ወገን ከሳሳ አቅሙ የቀነሰ ማገናኛ ካፓሲተር (ድምፁን ወደሚቀጥለው ክፍል አሳልፎ ቋሚውን ቮልቴጅ የሚያግድ) ሊሆን ይችላል። በሁሉም ቮሊዩም፣ በወፍራሙም በቀጭኑም ድምፅ እኩል የሚያንስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የማጉላት አቅም ነው፤ ወደ ቲዩቡና ወደ ካቶዱ ይመራል።

2. እጅ ከማስገባት በፊት

እዚህ ላይ ማንንም ማቻኮል አልፈልግም። ውስጡ ያለው 250 ቮልት ሰው ይገድላል፤ ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ፊልተር ካፓሲተሮች ውስጥ ይቆያል። መብራት በሄደ ቁጥር «አሁንማ ኤሌክትሪክ የለም» ብሎ እጅ መስደድ በተለይ አደገኛ ነው፦ ካፓሲተሮቹ አሁንም ሙሉ ናቸው፣ መብራቱም ሳያስጠነቅቅ ይመለሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉና ዓይንዎ የሚያየው ቦታ ላይ ያስቀምጡት። ከዚያም 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር ጫፎቹን በሚገባ በተሸፈነ ሽቦ አስረው በከፍተኛው ቮልቴጅ መስመርና በግራውንድ መካከል ለ10 ሰከንድ ያህል ይያዙት። ቀጥሎ በቴስተሩ ይለኩ፤ ከ5 ቮልት በታች እስኪያዩ ድረስ ምንም አይንኩ። በካቻቢቴ አጭር ዙር እየሠሩ ማራገፍ ካፓሲተሩንም ዓይንንም የሚጎዳ ልማድ ነው።

መሣሪያው በርቶ ሲለካ የቴስተሩን ጥቁር ገመድ በክሊፕ ግራውንድ ላይ ያስሩና በአንድ እጅ ብቻ ይሥሩ፤ ሌላው እጅ ከሻሲው፣ ማለትም ከብረት አካሉ፣ ይራቅ። ደረቅ ጫማ ይልበሱ። ብቻዎን አይሥሩ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ስፒናው የት እንዳለና እንዴት እንደሚነቀል ይወቅ።

3. ልዩነቱን በቁጥር ማወቅ

ጆሮ ይለምዳል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሰማውን ልዩነት መጠን አያስታውስም። ስለዚህ ስልክ ላይ የ300 ሄርትዝ ቋሚ ድምፅ የሚያወጣ አፕ ይጫኑና ከአንድ የስልክ መውጫ ሁለቱንም መግቢያዎች በአንድ ላይ ይመግቡ፤ የስልኩ ግራና ቀኝ ሽቦዎች ሳይሆኑ አንዱ ብቻ ለሁለት ተከፍሎ ይግባ። 300 ሄርትዝን የመረጥሁት ርካሽ ቴስተሮች በኤሲ (በተለዋዋጭ ቮልቴጅ) ልኬት የሚታመኑት እስከ 400 ሄርትዝ አካባቢ ስለሆነ ነው። ፓወር አምፑን ይለያዩት፣ የፕሪአምፑን ቮሊዩም እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ የስልኩን ድምፅ ደግሞ የጤነኛው ቻናል መውጫ 6 ቮልት አካባቢ እስኪያሳይ ያስተካክሉ። ይህን ያህል ከፍ የሚደረገው በምክንያት ነው፦ ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ቴስተር ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው የኤሲ ክልሉ 200 ቮልት ነው፤ የሚለየውም በ0.1 ቮልት እርከን ስለሆነ ግማሽ ቮልት ላይ መለካት ትርጉም አይኖረውም።

ትልቁን ቁጥር ለትንሹ ያካፍሉ። ውጤቱ 1.12 ከሆነ ልዩነቱ 1 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን ልዩነት መለኪያ) ነው፤ 1.26 ከሆነ 2፣ 1.41 ከሆነ 3፣ 2 ከሆነ 6 ዲሲቤል ነው። ከ1 ዲሲቤል በታች የሆነ ልዩነት በቤት ውስጥ የተሠራ መሣሪያ ላይ የሚያስጨንቅ አይደለም። ሁለት ጤነኛ ቲዩቦች እንኳ ይህን ያህል ሊለያዩ ይችላሉ።

4. ቲዩቦቹን ማዟዟር

መሣሪያውን አጥፍተው፣ አራግፈው፣ ቲዩቦቹ ከቀዘቀዙ በኋላ ቀጥ አድርገው በትንሹ እየነቀነቁ ያውጧቸው። እግሮቹ ስስ ስለሆኑ በግድ አይጠምዝዟቸው። የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ይሰኩ፤ ያብሩና 5 ደቂቃ ካሞቁት በኋላ እንደገና ይለኩ። ድካሙ ቲዩቡን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ቲዩቡ ነው፤ ካልተከተለው ቲዩብ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛ ነገር ሊሆንም ይችላል፦ ካዟዟሩ በኋላ ጉድለቱ ከሁለቱም ቻናል ይጠፋል። ይህ ሲሆን ደስ ብሎዎት አይዝጉት። ቲዩብ ሲወጣና ሲገባ የሶኬቱ መያዣዎች ተፍቀው ነው የተስተካከለው፤ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ደሴ ላይ በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ ያልተለበጠ የሶኬት ብረት ቶሎ ይደበዝዛል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ሞቃትና አቧራማ ነው። ንጹሕ አልኮል በነካ ቀጭን ብሩሽ እያንዳንዱን ቀዳዳ ያጽዱ፣ የላላውን መያዣ በመርፌ ጫፍ በጥቂቱ ያጥብቁ፣ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

አንዳንድ ሰርኪት ግን ለሁለቱም ቻናል አንድ ቲዩብ ብቻ ይጠቀማል፤ አንዱ ግማሽ ለግራ፣ ሌላው ለቀኝ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ማዟዟር ስለማይቻል አንድ ትርፍ ቲዩብ ያስፈልጋል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ 12ኤኤክስ7 በተፈለገ ጊዜ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ ሲያዝዙ አንድ ትርፍ ይጨምሩበት። የ12ኤኤክስ7 ሁለቱ ግማሾች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሂተር (ካቶዱን የሚያሞቅ ክር) እንዳላቸውም ያስታውሱ፦ በ6.3 ቮልት በትይዩ ከታሠሩ አንዱ ተበጥሶ ሌላው ሊበራ ይችላል፤ ክፍሉን አጨልመው ሁለቱም መቅላታቸውን ማየት በቂ ነው።

5. ፖቴንሺዮሜትሩ

መሣሪያው ጠፍቶ፣ ተራግፎ፣ የመግቢያ ገመዶቹ ተነቅለው ይለካል። ቁልፉን ሰዓት እንደሚያሳይ አድርገው ያስቡና በ9፣ በ12 እና በ3 አቅጣጫ ላይ ያቁሙት፤ በየቦታው የሁለቱንም ክፍል ከመካከለኛው እግር እስከ ግራውንድ ያለውን ኦም ይጻፉ። ሁለቱን ቁጥሮች ሲያካፍሉ ከላይ ባለው የዲሲቤል ስሌት መሠረት ልዩነቱን ያገኙታል። ርካሽ የሆነ የካርቦን ሎጋሪዝሚክ ፖቴንሺዮሜትር (ከጆሮ አሰማም ጋር እንዲሄድ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚጨምር) መሃል ላይ ተመጣጥኖ ዝቅ ሲል 2 እና 3 ዲሲቤል መበላለጡ የተለመደ ነው። ይህ በብየዳ አይታረምም፤ ወይ የተሻለ ፖቴንሺዮሜትር ይገዛል፣ ወይም ደግሞ በሬዚስተሮች የሚሠራ ባለ እርከን መቀነሻ ይተካበታል።

ሌላ መፍትሔም አለ። ድርብ ሊኒየር (በእኩል መጠን የሚጨምሩ) ፖቴንሺዮሜትሮች ከሎጋሪዝሚኮቹ ይልቅ እርስ በርስ ይመጣጠናሉ። በ100 ኪሎ ኦም ሊኒየር ላይ ከመካከለኛው እግር ወደ ግራውንድ 15 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቢያስሩ አካሄዱ ወደ ሎጋሪዝሚክ ይቀርባል፤ ሁለቱ 15 ኪሎ ኦሞች በቴስተር ተመርጠው እኩል መሆን አለባቸው። ጉዳቱ፣ ቮሊዩሙ ሙሉ ሲከፈት መግቢያው ወደ 13 ኪሎ ኦም መውረዱ ነው፤ ስልክ ይችለዋል፣ የቲዩብ መውጫ ያለው ማጫወቻ ግን ይቸገራል።

6. የዲሲ ቮልቴጆቹን ማነጻጸር

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚያዘው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይውሰዱ። ከመለካትዎ በፊት ወረቀት ላይ ግራና ቀኝ ብለው ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በየቻናሉ ዲሲውን (ቋሚውን ቮልቴጅ) የሚለኩት በሦስት ነጥብ ነው፦ የፕሌቱ ሬዚስተር የላይኛው ጫፍ፣ ፕሌቱ ራሱ እና ካቶዱ። 12ኤኤክስ7 ላይ የአንዱ ግማሽ ፕሌት እግር 1፣ ግሪዱ 2፣ ካቶዱ 3 ነው፤ የሌላው ግማሽ በቅደም ተከተል 6፣ 7 እና 8 ነው። ከታች ሲታይ የእግሮቹ ቁጥር በሰዓት አቅጣጫ ይሄዳል።

ግራውን ለክተው ሻይ ጠጥተው ተመልሰው ቀኙን አይለኩ። በእኔ ቤት ምሽት ላይ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል፤ 220 የነበረው 198 ቮልት ሲሆን 250 የነበረውም ወደ 225 ይወርዳል። ይህን ያላስተዋለ ሰው የመስመሩን መዋዠቅ የቻናል ጉድለት ያደርገዋል። ግራን፣ ከዚያ ቀኝን፣ ከዚያ እንደገና ግራን ይለኩ፤ የመጀመሪያውና የሦስተኛው ንባብ ካልተመሳሰሉ መስመሩ እስኪረጋ ይጠብቁ።

ጤነኛ ቻናል በምሳሌያችን ሰርኪት ላይ ፕሌቱ 160 ቮልት፣ ካቶዱ 1.35 ቮልት አካባቢ ያሳያል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እርስ በርስ ይመሰክራሉ። ከ250 እስከ 160 ያለው 90 ቮልት ለ100 ኪሎ ኦም ሲካፈል 0.9 ሚሊ አምፔር ነው፤ 1.35 ቮልት ለ1.5 ኪሎ ኦም ሲካፈልም 0.9 ሚሊ አምፔር ነው። በፕሌቱ የሚገባው ከረንት በካቶዱ ስለሚወጣ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ሬዚስተሮች አንዱ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል አይደለም ማለት ነው። ከአሮጌ ራዲዮ የተነቀሉ የካርቦን ሬዚስተሮች ከዕድሜ ብዛት ወደ ላይ ስለሚጨምሩ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል።

ስሌቱ ገጥሞ ከረንቱ ከጤነኛው ቻናል ያነሰ ከሆነ፣ ማለትም ፕሌቱ ከፍ ብሎ ካቶዱ ዝቅ ካለ፣ ቲዩቡ ደክሟል። ፕሌቱ በጣም ወርዶ ካቶዱ ከፍ ካለ ግሪዱ ላይ የማይገባ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ አለ፤ ከፊት ያለ ማገናኛ ካፓሲተር ዲሲ እያሳለፈ ወይም የግሪዱ ሬዚስተር ከግራውንድ ተለያይቶ ሊሆን ይችላል። ቮሊዩሙ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ ያንን ካፓሲተር ወዲያው ይቀይሩት።

የዲሲ ቁጥሮቹ በሁለቱም ወገን ፍጹም ተመሳስለው የአንዱ ድምፅ ግማሽ ብቻ ከሆነስ? የእኔ ጉድለት ይህ ነበር። ጤነኛው 5.9፣ ታማሚው 3.1 ቮልት፤ ልዩነቱ 5.6 ዲሲቤል። ፕሌትና ካቶዱን አሥር ጊዜ ለካሁ፤ ግራና ቀኝ አንድ ናቸው። ምክንያቱ የካቶዱ ካፓሲተር ነው። ይህ ካፓሲተር ዲሲ ላይ ምንም ሥራ የለውም፤ ሥራው የድምፁን ሞገድ ወደ ግራውንድ ማሳለፍ ነው። በደህናው ጊዜ ይህ ሰርኪት 61 እጥፍ ያጎላል፤ ካፓሲተሩ ሲደርቅ ግን ካቶዱ ከግሪዱ ጋር አብሮ ስለሚነሣና ስለሚወርድ ማጉላቱ ወደ 32 እጥፍ ይወድቃል፤ የካቶዱ 1.35 ቮልት ግን ንቅንቅ አይልም። የእኔን ከአሮጌ የቴሌቪዥን ቦርድ ነቅዬ የተጠቀምሁበት ነበር፤ ላዩ አላበጠም፣ አልፈሰሰም፣ አዲስ ይመስላል። ለማረጋገጥ ማውለቅ አያስፈልግም፦ መሣሪያውን አጥፍተውና አራግፈው አንድ ጤነኛ 22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከላይ በትይዩ ይበይዱበት፤ ፖዘቲቩ ወደ ካቶዱ፣ ኔጋቲቩ ወደ ግራውንድ። ድምፁ ከተመለሰ አሮጌውን ያውጡት፤ የሌላውንም ቻናል አብረው ይቀይሩ፣ ዕድሜያቸው አንድ ነውና።

7. ድምፁ የት እንደሚጠፋ መከተል

እስካሁን ካልተገኘ የ300 ሄርትዙን ድምፅ ከመግቢያ እስከ መውጫ በሁለቱም ቻናል እየተከታተሉ ይለኩ፦ ፕሌቱን፣ ቀጥሎ ከማገናኛው ካፓሲተር በኋላ ያለውን ግሪድ፣ በመጨረሻም መውጫውን። ፕሌት ላይ ኤሲ ሲለካ በቴስተሩ ቀይ ገመድ ጫፍ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት የሚችል ካፓሲተር ያስገቡ፤ አንዳንድ ርካሽ ቴስተር በኤሲ ክልል ላይ ሆኖ ዲሲውንም ይቆጥርና የውሸት ቁጥር ያሳያል። ሁለቱ ቻናሎች ተመሳስለው የሚለያዩበት የመጀመሪያ ነጥብ ጥፋቱን ይጠቁማል።

ቁጥሩ አንዴ ትክክል አንዴ ስሕተት እየሆነ የሚያስቸግር ከሆነ ክፉ ብየዳ ነው። መሣሪያው በርቶ በረዥም ደረቅ የእንጨት ስንጥር እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በቀስታ ይንኩ፤ ድምፁ የሚዘልበትን አግኝተው ካጠፉና ካራገፉ በኋላ እንደገና ይበይዱት። የጃኮቹን ግራውንድ አይርሱ።

8. የቀረውን ማስተካከልና መዝጋት

ሁሉ ተስተካክሎ 1 ዲሲቤል ያህል የቲዩብ ልዩነት ቢቀርና ቢያስቸግርዎት፣ በሚበልጠው ቻናል መግቢያ ላይ ከ100 ኪሎ ኦሙ ፖቴንሺዮሜትር በፊት 12 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ማስገባት ልዩነቱን ያጠፋዋል። ቲዩብ ሲቀየር ግን ይህ ሬዚስተር መነሣት አለበት፤ ስለዚህ ሌላ እውነተኛ ጥፋትን ለመሸፈኛ አይጠቀሙበት።

ከዚያ በኋላ ክዳኑ ተገጥሞ ለ2 ሰዓት ይሥራ። አንዳንድ ጉድለት የሚወጣው መሣሪያው ሲሞቅ ብቻ ስለሆነ በሁለተኛው ሰዓት መጨረሻ የመውጫውን ቮልቴጅ እንደገና ይለኩ፤ ያንኑ የሞኖ ማሲንቆም መልሰው ያዳምጡ። የሁለቱን ቻናል የፕሌትና የካቶድ ቮልቴጅ፣ በዚያ ሰዓት የነበረውን የመስመር ቮልቴጅና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ ይለጥፉ።